ጋቢ የለበሰው ሞተር

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ የጀልባ ተራ ስጠብቅ ከዘይት ጋር የተቃጠለ ቤንዚን ሸተተኝ። የመኪና ጭስ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ይሄኛው ግን ጣፈጥ ብሎ ምላስ ላይ የሚቀር ነገር አለው። ከወደ ጫፍ አንድ ሰውዬ ቀለሙ የተላላጠ ትንሽ የጀልባ ሞተር ለማስነሳት ይታገላል። ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ይስላል፣ ይጠፋል። ይስባል፣ ይስላል፣ ይጠፋል። ተራዬን ትቼ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። «እህቴ፣ ተራሽ ያልፍሻል» አለኝ። ይለፈኝ። እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኛል፤ ልክ እንደዚያ ዓመት።

ያን ዓመት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ማርቆስ ጀልባ ነጂ ነው። ጀልባችን «ኤቤኔዘር» ትባላለች፤ ሞተሯን ደግሞ አባቴ «ሽማግሌው» ይለዋል። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ሚስዮናዊ ነው የገዛው፤ በዕድሜ አባቴን ይበልጠዋል እየተባለም ይቀለድበት ነበር። ከላይ ክብ ራስ አለው፣ ከታች ረጅም እግር፣ እግሩ ጫፍ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ተሽከርካሪ መቅዘፊያ። ለእኔ ራስና እግር ያለው ነገር ሁሉ ሰው ነው። ሽማግሌው ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ይስላል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሲሠራ በጎኑ ባለች ቀዳዳ ውሃ ይሸናል፤ ሰው ለመሆን ምን ቀረው? አባቴ ማታ ማታ ሌባ ፈርቶ ከጀልባዋ ይነቅለውና በትከሻው ተሸክሞት ይመጣል። ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ለእሱ ተብሎ የተመታ ሳንቃ አለ። እግሩን ወደ ታች አድርጎ እዚያ ላይ ይሰቅለዋል። ቆሞ የሚያድር የቤተሰብ አባል ነበረን ማለት ነው።

እኔ ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ እሾህ ላይ ነው የወለድኳት» ትላለች። ምግብ ቆሜ እበላለሁ፣ ጸሎት ላይ አንድ ዓይኔን ከፍቼ የማን ጸሎት እንደሚረዝም አያለሁ። የማየው ነገር ሁሉ ወዲያው መሞከር አለበት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን አንዲት ልጅ ተዝለፍልፋ ወደቀች። መምህራችን ሮጦ መጣና አጋድሞ ሁለት እግሯን ቦርሳ ላይ ከፍ አደረጋቸው። «ደሟ ወደ ራሷ ይመለስ» አለ። እውነትም ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። እንደዚያ ያለ ተአምር በቀላሉ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። የምሞክርበት ሰው አጥቼ ሳምንት ሙሉ ተቁነጠነጥኩ።

ከዚያ አባቴን ወባ ጣለው። ሐይቁ መሃል ሳለ ነው የጀመረው። በዚያው ቀን ሽማግሌውም ሣር ተጠምጥሞበት ሦስት ጊዜ ስሎ ጠፋ አሉ። አባቴን ወደ ዳር ስቦ ያወጣው ጓደኛው ዳንጊሶ ነው፤ እሱም ጀልባ ነጂ፣ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲስቅ ጀልባው የሚወዛወዝ። በአንድ ትከሻው አባቴን፣ በሌላው ሞተሩን ይዞ ደጃችን ደረሰ። አባቴን አልጋ ላይ፣ ሞተሩን ሳንቃው ላይ አድርጎልን ሄደ። በማግስቱ እናቴ አባዬን ጤና ጣቢያ ስትወስደው እኔ ከሌላኛው በሽተኛ ጋር ቀረሁ።

አባዬ የሚያክመው አገኘ፤ ሽማግሌውስ? ከሳንቃው ላይ እንዴት እንዳወረድኩት ዛሬም ይገርመኛል። ወንበር ላይ፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ ጆንያ ላይ እያሳረፍኩ አጋደምኩት። ራሱን መሬት ላይ፣ እግሩን ሦስት ጡብ ደራርቤ ከፍ አደረግኩለት። ውስጡ ቡልቅ፣ ቡልቅ ሲል ሰማሁ። ደሙ ወደ ራሱ እየተመለሰ ነው ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። እንዳይበርደው የእናቴን ጋቢ አለበስኩት። አባቴ ጤና ጣቢያ ሰነበተ፣ እናቴ ምሳ ዕቃ ይዛ ስትመላለስ ዕቃ ቤቱን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም። እኔ ግን ጠዋት ማታ እየገባሁ እጠይቀው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን አባቴ ወደ ቤት ተመለሰና ብርድ ብርድ አለው። እናቴ «ጋቢዬስ?» ብላ ጮኸች። በርሬ ሄጄ ጋቢውን ገፈፍኩ፣ ሞተሩንም እያቃሰትኩ መልሼ ሳንቃው ላይ ሰቀልኩት። ጋቢው ዘይትና ቤንዚን ይሸት ነበር። እናቴ አሽትታ በአባቴ ላይ ጮኸችበት፤ ጀልባ ላይ እጁን የጠረገበት መስሏት። አባቴ ለመከራከር አቅም አልነበረውም። እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ትንሽ መስላኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አባቴ ዳነ። ከስቶ፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቶ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ገመዱን ጠቅልሎ ሳበ። ገመዱ አልመጣም። ደግሞ ሳበ፤ ግድግዳ የሚስብ ይመስል ነበር። ሽማግሌው አልሳለም፣ ምንም አላለም።

«ተጣብቋል» አለ አባቴ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲያው «ዳንጊሶ ነው! ሐይቅ ውስጥ ጥሎት ደብቆኝ ነው!» ብሎ ተነሳ።

ዳንጊሶ ተጠርቶ መጣ። በራችን ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። «ማርቆስ፣ አንተንም ሞተርህንም አንድ ላይ ነው የተሸከምኩት» አለ። «የምጥል ብሆን አንተን ነበር የምጥለው። አንተ ትከብዳለህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ቀን ጀርባውን ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዳቸው ይሻገሩ ነበር። ዳንጊሶ ለእኔ ግን እንደ ድሮው እጁን እያነሳ በሲዳምኛ «ኬሬሆ፣ ምሕረት!» እያለ በስሜ ይጠራኛል። ሰላምታው አንጀቴን ይበላው ነበር።

ነገሩ በሞተሩ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። የጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ሐይቁ ዳር ባለው ሾላ ላይ ሚስማር መትቷል። እያንዳንዱ ጀልባ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ፣ ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ አለው፤ ተራ የሚያዘው በዚያ ነው። ቆርቆሮህ ከተሰቀለ ተራ አለህ፣ ከወረደ የለህም። ታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ከተማው በመንገደኛ ይሞላል። አባቴ «እኛ ጴንጤ ነን፤ እንጀራችንን የሚያመጣው ግን ገብርኤል ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ደንቡ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፦ በገብርኤል ዕለት ውሃ ላይ ያልተገኘ ጀልባ ቆርቆሮው በማግስቱ ይወርድና ተራው ለሌላ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ አባቴ ሞያሌ፣ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ጭነት ሊያወርድ ነው። መቼ እንደሚመለስ ስጠይቀው «እናያለን» አለኝ። ሰማያዊ ሻንጣ ገዝቶ ሁለት ሸሚዝ አስገባበትና ከበሩ ጀርባ ሰቀለው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሻንጣው ግድግዳውን ይመታል። ያን ድምፅ ስሰማ ከቤት እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። አባቴ እንዳይሄድ ሌሎች ልጆች ይጸልዩ ይሆናል፤ እኔ ግን የሰቀለውን ሻንጣ ደብቄ ተገረፍኩ።

ሽማግሌውን የሚነካ ባለሙያ ጠፋ። የጠየቅናቸው ሁሉ አባቴን «ለቁራሌው ስጠው» ይሉታል። በመጨረሻ የተስማሙት ጋሽ ኸይሩ ብቻ ናቸው። መሃል ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ የወፍጮ ሞተር የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው፤ የጀልባ ሞተር ግን ነክተው አያውቁም። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸውን በሸራ ከረጢት ይዘው መጡ። ሞተሩን ግቢ ውስጥ አወረድንላቸው። እሳቸው ግን ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ከረጢታቸውን ሳይፈቱ ይመለከቱን ጀመር።

«መጀመሪያ ወሬው፣ ከዚያ መፍቻው» አሉ። «ሰው ሲታመም አፍ አለው። ብረት አፍ የለውም፤ አፉ እናንተ ናችሁ። መጨረሻ የሠራ ጊዜ ምን አደረገ? ከዚያ ወዲህ ማን ነካው?»

አባቴ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሳሉ፣ በተለይ ስለ ዳንጊሶ ተናገረ። እናቴ ዕቃ ቤት እንዳልገባች ተናገረች። ጋሽ ኸይሩ ወደ እኔ ዞር ሲሉ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «እኔ አልነካሁትም» አልኩ። «እኔ አልነካሁትም» ብዬም ደገምኩት። ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉና ከረጢታቸውን ፈቱ።

ከራሱ ላይ እሳት የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው ሲያወጡት ጫፉ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ ተንጠልጥሏል። አሸተቱት። ቀጥለው ቤንዚንና አየር የሚገባበትን ካርቡራተር ፈቱ፣ ውስጡን በጣታቸው ጠርገው ለአባቴ አሳዩት።

«ይኸው፣ ንጹሕ ነው። ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ አሸዋ፣ ቢያንስ ትንሽ ጭቃ እዚህ ይገኝ ነበር። ውሃው በአፉ አልገባም፤ በእግሩ ነው የገባው።»

«ኧረ ጋሽ ኸይሩ፣ ውሃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?»

«አይወጣም። እግሩ ከራሱ በላይ ካልሆነ በስተቀር። ወላሂ፣ ይሄ ሞተር ተዘቅዝቆ ተኝቷል። እግሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ራሱ ወርዶ ነው።»

ደሙ። ቡልቅ፣ ቡልቅ ያለው።

«ይኸው አላልኩም? ዳንጊሶ ነዋ!» አለ አባቴ። «ያን ዕለት መንገድ ላይ አጋድሞት ነው። በቃ፣ በካንዴላው ቀዳዳ እንጨት አስገብቼ አንዴ ልምታው፣ ይለቃል።» መዶሻውን አነሳ።

ጋሽ ኸይሩ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ። ውሃው ትንሽ ሰዓት ብቻ ቆይቶ ከሆነ ዝገቱ ቀላል ነው፣ ትመታው ይሆናል። ብዙ ቀን ተኝቶ ከሆነ ግን ውስጡን ይዞታል፣ ከመታኸው ይሰበራል። የዚህን መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ? ስንት ቀን እንደተኛ የሚያውቅ ሰው ነው የቸገረኝ።»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው!» አባቴ እንጨቱን ቀዳዳው ላይ አቆመ። ሻንጣው፣ ሞያሌ፣ የዳንጊሶ «ኬሬሆ»፣ ሁሉም በአንዴ መጡብኝ። መዶሻው ወደ ላይ ወጣ።

«አሥራ አንድ ቀን ነው!»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«አሥራ አንድ ቀን ነው የተኛው። እኔ ነኝ ያስተኛሁት። ታሞ ስለነበር... ደሙ ወደ ራሱ እንዲመለስ ብዬ... ጋቢም አልብሼው ነበር።»

«ጋቢዬ!» አለች እናቴ።

ጋሽ ኸይሩ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው ሳቁ፤ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ። አባቴ አልሳቀም። መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን «ነይ» ብቻ አለኝና እጄን ይዞ ከግቢ ወጣ።

እስከ ሐይቁ ድረስ እጄን አጥብቆ ስለያዘኝ መሮጥም መቁነጥነጥም አልቻልኩም። ዳንጊሶ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ በጣሳ እየጨለፈ ያፈስሳል። አባቴ ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ። «ንገሪው።» ነገርኩት። እንባና ንፍጥ እየተቀላቀለብኝ፣ ከሰልፉ ጀምሬ እስከ ጋቢው ነገርኩት። ዳንጊሶ ጣሳውን አስቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየ።

«ዶክተር፣ እኔም ስታመም እንዲህ ታስተኚኛለሽ?» አለኝ። «ጡብ ብዙ ያስፈልግሻል።»

አባቴ ምን ሊል እንደሆነ ጠበቅኩ። «ይቅር በለኝ» የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልሰማሁም። ዳንጊሶ ግን በጀልባው መቀመጫ ሳንቃ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣ አባቴም ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጣሳውን አንስቶ የዳንጊሶን ጀልባ ውሃ ያፈስስ ጀመር። ዳንጊሶ ወደ ሾላው እያየ «ቆርቆሮህን እስከ ገብርኤል ማንም አይነካውም፣ እኔ አለሁ» አለው። «ከዚያ ወዲያ ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ እኔም አልችልም።»

ከዚያ የመጠበቅ ጊዜ መጣ፤ የእኔ ዋና ቅጣት እሱ ነው። ጋሽ ኸይሩ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው በካንዴላው ቀዳዳ አፈሰሱ። ማንኪያ እጄ ላይ አድርገው፣ «አስታማሚዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አንድ ማንኪያ። ከዚያ ይቺን ከራሱ ላይ ያለችውን ክብ ብረት በሁለት እጅሽ ያዥና ግፊ። እስከሚፈቅድልሽ ብቻ። እምቢ ካለሽ ተዪው።»

እምቢ አለኝ። በማግስቱም እምቢ አለኝ። በአራተኛው ቀን እልህ ያዘኝና በእግሬ ግድግዳውን ረግጬ ልገፋ ስል ጋሽ ኸይሩ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። እናቴ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆና ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ ታስታውሰኛለች። እንቁላሉ እግር አውጥቶ እስኪሄድ ገብርኤል ያልፋል እኮ! ክፍል ውስጥ ሆኜ ሁለት እጄ የጠረጴዛዬን ጥግ ይዞ ይገፋል። ቤት ስገባ ሻንጣው ግድግዳውን ይመታል። አንድ ቀን ከፍቼ ሳየው ሦስተኛ ሸሚዝ ተጨምሯል።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብረቷን ገፋሁ፣ እምቢ አለች፣ ልለቃት ስል የፀጉር ያህል ፈቀቅ አለች። እጄ የተሳሳተ መሰለኝ። ወደ ኋላ መለስኳት፤ ተመለሰች። ደግሞ ወደ ፊት፤ የጣት ያህል ሄደች። ማንኪያውን ጥዬ ሮጥኩ። በባህል አዳራሽ በኩል አድርጌ፣ በባጃጅ መሃል እየተሽሎከሎክኩ ጋሽ ኸይሩ ሱቅ ስደርስ አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው የቀረኝ።

«ተንቀሳቀሰ!»

«ሌላኛው ጫማሽስ?» አሉኝ፤ ከረጢታቸውን ግን ገና ሳልጨርስ አንስተው ነበር።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ሌላ ሁለት ቀን ወሰደ። የዛገውን ውሃ በቤንዚን አጠቡት። እሳት የሚሰጡትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች በስስ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጓቸው። አባቴ ካንዴላውን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቶ ያዘ፣ እኔ ገመዱን ሳብኩ። ጫፉ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። አባቴ እጁን ነዝሮት «ኡኡ!» ብሎ ዘለለ። በወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ የሳቅንበት ያን ቀን ነው፤ እሱም ጭምር።

ገብርኤል ሁለት ቀን ሲቀረው በርሜል ውሃ ሞልተን ግቢ መሃል አቆምን። ሽማግሌውን በርሜሉ ጠርዝ ላይ አሠርነው፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ በኩል ራስ ራሱን አሳይቷል። ዳንጊሶ ከበርሜሉ አጠገብ ቆሟል። አባቴ ሳበ። ምንም። ሳበ። ምንም። በስምንተኛው ሽማግሌው አንዴ ሳለ! በዘጠነኛው ከእነ ጭሱ፣ ከእነ ጩኸቱ ተነሳ፤ በርሜሉ ተናወጠ፣ ያ ጣፋጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። እኔ ዘለልኩ፣ እናቴ እልል ልትል እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«አጥፉት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ኸይሩ።

አባቴ አጠፋው። ሁላችንም ደነገጥን።

«አልሸናም» አሉ። «የሚያቀዘቅዘው ውሃ በጎኑ ካልወጣ ተቃጥሎ ይሞታል። በሽተኛ ካልሸና ድኗል አይባልም።» ጎንበስ ብለው የጎኑን ቀዳዳ አዩ። «ጭቃ ደፍኖታል። ቀጭን ነገር ስጡኝ።»

ማንም ሳይንቀሳቀስ ከመጥረጊያው ላይ አንድ ስንጥር መዝዤ ደረስኩ። ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብቼ መጎርጎር ስጀምር እጄ ቸኮለ፤ ስንጥሩ እዚያው ሊሰበር ነው። ቆም አልኩ። እስከሚፈቅድልኝ ብቻ ገፋሁ፣ መለስኩ፣ ገፋሁ። ደረቅ የጭቃ ፍርፋሪ እጄ ላይ ረገፈ። አባቴ እንደገና ሳበ። ሽማግሌው በአንዴ ተነሳ፣ በጎኑም ቀጭን ውሃ ፊጭ ብሎ ወጥቶ የዳንጊሶን ሱሪ አራሰው።

«ዳነ!» አለ ዳንጊሶ፣ ሱሪውን እያየ። የእናቴ እልልታ ያን ጊዜ ወጣ።

ጋሽ ኸይሩን ሸኝተን፣ ጎረቤቱ ተበትኖ ሲያበቃ አባቴ ወደ ቤት ገባ። ከበሩ ጀርባ ያለው ሻንጣ ከሚስማሩ ሲወርድ ሰማሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ? ተከትዬው ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ለእናቴ ያቀብላታል። ባዶ ሲሆን ሻንጣውን ገልብጦ አራገፈው፣ አጥፎ በብብቱ ይዞ በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

ዕቃ ቤት ደርሼ ሳየው ሽማግሌውን ሳንቃው ላይ ሰቅሎታል። ሰማያዊውን ሻንጣ እንደ ቆብ ራሱ ላይ ደፋለትና ማንገቻውን አንገቱ ላይ አሠረው።

«ሲበርደው ይሄን ነው የሚለብሰው» አለኝ። «የእናትሽን ጋቢ አይደለም።» ከዚያ ጎንበስ አለና እንደ ትልቅ ሰው ጠየቀኝ፦ «እስቲ እይልኝ ዶክተር፣ እግሩ የት ነው ያለው?»

«ወደ ታች» አልኩ።

«ያባትሽስ?»

ምን እንደሚለኝ አልገባኝም። እግሮቹን አየሁ። ከነጭቃ ጫማው፣ እዚሁ ዕቃ ቤታችን ወለል ላይ ቆመዋል።